በእሱ ስም የጠየቅኩት

ሰው ሲጠይቀኝ «ተለያየን» ብዬ አልፈዋለሁ። መለያየት ሲባል ሰው ወይ ሌላ ሴት ይጠብቃል ወይ ድብድብ። ሁለቱም አልነበሩም ስለው ያዘነልኝ ሁሉ ትንሽ ቅር ይለዋል። «ታዲያ ምን ሆናችሁ?» ይለኛል። እኔ ጥያቄ ጠየቅኩ፣ እሱ መልሱን ይዞ ሄደ ብል አበደች ነው የምባለው።

ሁለታችንም የሆስፒታል ፋርማሲስቶች ነን። እሱን ሥራ ቦታ ሁሉም «ሰከን» ነው የሚለው። መስኮቱ ፊት ሰልፉ ሲጋፋ፣ ነርሶች ሲጣደፉ፣ ስልክ ሲያንቃጭል እጁን ከፍ አድርጎ «እስቲ ሰከን እንበል» ስለሚል ስሙ ሆኖ ቀረ። እኔን ደግሞ ሐኪሞቹ «ዓቃቤ ሕግ» ይሉኛል። ማዘዣው ካላማረኝ ደውዬ ለምን ታዘዘ፣ እስከ መቼ ነው፣ ኩላሊቱስ ታይቷል ወይ እያልኩ ስለማፋጥጣቸው ነው። ዓቃቤ ሕግና ሰከን ተጫጩ ሲባል ፋርማሲው በሳቅ ሞተ።

እኛ ዘንድ የሕፃናት መድኃኒት በአንድ ሰው እጅ አይወጣም። አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው ስሌቱን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይሠራል፣ ከዚያ ሁለቱም ይፈርማሉ። እሱ ያዘጋጃል፣ እኔ አያለሁ። ከጊዜ ብዛት የማን ፊርማ የት ጋ እንዳረፈ ማየት ሁሉ ተውን፤ ከእኛ ጠረጴዛ የወጣ የእኛ ነው። ደስ የሚል ሥራ ነበር። አሁን ሳስበው ጉዳችንን ያመጣው ይኸው ልማድ ነው።

እኔ ከምንም ነገር በላይ የምፈልገው ሬዚደንሲ ነበር። ፋርማሲስት ተመርቆ ከወጣ በኋላ ከሐኪሞች ጋር ዋርድ ለዋርድ እየዞረ፣ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚሠለጥንበት ነው። እሱም ይፈልገው ነበር፤ ግን እንደ ሰው ነው የሚፈልገው። እኔ ያንገበግበኝ ነበር። በመስኮቱ በኩል የማየው የሰው እጅና ግማሽ ፊት ነው። መድኃኒቱን እሰጣለሁ፣ አወሳሰዱን እነግራለሁ፣ ሰውየው ይሄዳል። ይዳን፣ ይባስበት፣ ይሙት፣ አላውቅም። ለባሏ የልብ መድኃኒት የምትወስድ አንዲት ሴትዮ ነበረች። በመጣች ቁጥር «ዛሬ እስከ በሩ ድረስ ራሱ ሄደ»፣ «ዛሬ ሾርባ ጠጣልኝ» እያለች ትነግረኝ ነበር። ድንገት መምጣት አቆመች። ማንን ልጠይቅ? እስከ ዛሬ ድረስ እንደከነከነኝ ነው።

አለቃችን ጡረታቸው የተቃረበ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት አጠገባቸው አስቀመጡንና «በእኔ ጊዜ ሬዚደንሲ የሚፈልግ ሰው ከሆስፒታል ሆስፒታል በእግሩ ይዞር ነበር። አሁን ሁሉ ነገር ስልክ ውስጥ ገብቷል» አሉን። «ገጻቸውን ተከተሉ፣ የኢንተርኔት ስብሰባቸው ላይ ግቡ፣ አፋችሁን ከፍታችሁ ጠይቁ። ስማችሁን ይልመዱት። ማመልከቻ የሚያገላብጥ ሰው የሚያውቀው ስም ላይ ሲደርስ ቆም ይላል።»

ሁለታችንም ሰማናቸው። የሰማነው ግን ሁለታችን አንድ ስም ያለን ይመስል ነው።

ከዚያ ወዲህ ስልካችን ሌላ ሆነ። ድሮ ዘፈንና ቀልድ የምናይበት ገጽ ሁሉ በሬዚደንት ተሞላ። አንዷ ጠዋት ከዋርድ ዙር በፊት የምታነበውን ትለጥፋለች፣ አንዱ ስለወደቀበት ፈተና ይቀልዳል፣ ሌላዋ ከድካም ብዛት ደረጃ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ጓደኞቿ ያነሷትን ፎቶ ታሳያለች። ፕሮግራሞቹ ደግሞ በየተራ በዙም የትውውቅ ስብሰባ ይጠራሉ። ኃላፊዎቹ ይናገራሉ፣ ሬዚደንቶቹ ይጠየቃሉ፣ እንደ እኛ ያለው ፈላጊ ከየቤቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ያዳምጣል።

ለመጀመሪያው ስብሰባ የመድኃኒት መጋዘኑን መረጥን። ኔትወርኩ እዚያ ደህና ነው፣ ሰውም አይበዛም። ቤት እንዳንሆን እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከተነሳ አጠገብህ ያለውን ሰው እንኳ አትሰማም። በየስልካችን ገባን። እሱ አፉን ሲከፍት የእኔ ስልክ ድምፁን ተቀበለ፣ የእሱ መልሶ ተቀበለው፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ተነሳ። ወዲያ ማዶ ያሉት ሁሉ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ አየን። ደንግጬ የእኔን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ነገራችን ሁሉ በአንድ ስልክ ሆነ። በእሱ ስልክ ነዋ፤ የእኔ ካሜራ ተሰንጥቆ ሰውን ጭጋግ ውስጥ ያቆመዋል። ከፊቱ ሥር የሚነበበውም የእሱ ስም ነበር።

እሱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ስልኩን የግሉኮስ ካርቶን ላይ አስደግፎ ይቀመጣል። እኔ ከካሜራው ውጪ ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጥያቄ ሲመጣልኝ በማርከር ካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፌ ከፍ አደርግለታለሁ፤ እሱ ሰከን ብሎ ያነበዋል። እውነቱን ልናገርና ከእሱ አፍ ሲወጣ ያምር ነበር። እኔ ብጠይቀው ክስ ነው የሚመስለው። እሱ ሲለው ግን የሚያስብ ሰው ጥያቄ ይሆናል። በገጾቻቸው ላይ የሚሰጠውን አስተያየትም የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ በእሱ ስልክ፣ በእሱ ፎቶ። አንዳንዴ ማርከሩ ሲደርቅብኝ በጣቴ አየር ላይ እጽፍለትና ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል፣ ከወዲያ ያሉት ትንታ ያነቀው መስሏቸው «ውሃ ይጠጡ» ይሉት ነበር።

ከሁሉም ልባችን ያረፈው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ላይ ነበር። ከእኛ ከተማ ሩቅ ነው። የፕሮግራሙ አስተባባሪ ረጋ ያሉ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሴት ናቸው። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ካርቶኑን ከፍ አደረግኩ። ሰከን አነበበው፦

«በሽተኛው አልጋ አጠገብ ሬዚደንቱና ሐኪሙ በአንድ መድኃኒት ባይስማሙ፣ በዚያች ሰዓት ከሬዚደንቱ ጎን የሚቆመው ማነው?»

«ይህን ጥያቄ እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ አስተባባሪዋ፤ ከዚያ ሙሉ ስሙን ጠርተው አመሰገኑት። ስልኩ እንደተዘጋ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። «ልባቸው ውስጥ ገባን!» አልኩት። እሱም «ገባን» አለኝ፤ ግንባሬን ሳመኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አስተባባሪዋ ራሳቸው የእሱን ገጽ መከተል ጀመሩ። አነስ ያለ ስብሰባ ሲኖር ይጠሩታል። እየጠሩት እኔ ጽፌ እሱ አንብቦ ከረምን። የማመልከቻው ጊዜ ሲደርስ ሁለታችንም አስገባን፤ እሱ በስሙ፣ እኔ በስሜ።

የእሱ መልስ «ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» የሚል ነው። የእኔ «በአመልካቾች ብዛት ምክንያት» ብሎ ይጀምራል። ሁለቱንም ያነበብናቸው ያቺው ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመን ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እነዚያ ሰዎች እኔን የት ያውቁኛል? ድምፄን ሰምተው አያውቁም። ፊቴን አላዩም። ስሜ ለእነሱ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ስም ነው።

«እነግራቸዋለሁ» አለኝ ፊቴን ሲያይ። «ጥያቄው የእሷ ነው፣ እሷንም እዩዋት እላቸዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴን!»

አመንኩት። ለምን አላምነው? ያዘጋጀውን መድኃኒት ስንት ጊዜ አይቼለታለሁ፤ ደብቆኝ አያውቅም።

የቃለ መጠይቁ ቀን እሱ መጋዘኑ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ እኔ በሩ ላይ ዘብ ቆምኩ፤ ሰው ገብቶ እንዳይረብሸው። የበሩ ሳንቃ ስስ ነው። ጆሮዬን ልጥል ብዬ አልነበረም፤ ድምፁ ራሱ መጣ። አስተባባሪዋ ስለዚያ ጥያቄ አነሱ። «ከየት መጣልህ?» አሉት። አሁን ይናገራል አልኩ። ጋዋኔን አስተካከልኩ፤ ምናልባት ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ።

«አንዲት ሴትዮ ነበረች» አለ ሰከን በዚያ በሚያምር ድምፁ። «ለባሏ የልብ መድኃኒት የምትወስድ። ‹ዛሬ እስከ በሩ ድረስ ራሱ ሄደ› ትለኝ ነበር።»

የእኔን ሴትዮ ነው የሚነግራቸው። ሾርባውን ሳይቀር ነገራቸው። መምጣት ያቆመችበት ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ።

ሲወጣ ፊቱ ያበራ ነበር። «ነገርካቸው?» አልኩት።

«አመቺ አልሆነም» አለኝ። «ነገሩ በጣም ፈጥኖ አለቀ። ግን አትስጊ፤ እኔ እዚያ ከገባሁ አንቺ ገባሽ ማለት ነው። ከርሞ ከውስጥ ሆኜ እስብሻለሁ።»

ሰምቼሃለሁ አላልኩትም። የምወደው ሰው ውሸታም ነው ብዬ ራሴን ከማሳምን፣ ተርበትብቶ ነው ማለት ቀለለኝ። ሐኪም የማላስቀምጥ ሴት እሱ ፊት አፌን ያዝኩ።

ተቀበሉት። የስንብቱ ቀን አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። ሻንጣውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ጋዋኖቹን እማዬ ኮሌታቸውን አድሳ ሰጠችው። «የእኔ ልጅ፣ ቶሎ ውሰዳት» አለችው። «ከርሞ» አላት፤ አቅፏት። አለቃችን ግን በማግስቱ ብቻዬን ጠረጴዛው አጠገብ ሲያዩኝ «ለሕፃናት መድኃኒት ሁለት ፊርማ የምንጠይቀው ለምን ይመስልሻል?» አሉኝ። «ስለማንዋደድ እኮ አይደለም። ሰው ስለሆንን ነው።» ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። እንዳልገባኝ ሆኜ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር። ስለ ዋርዱ ያወራኛል፣ የሚከብደውን ይጠይቀኛል፣ አንብቤ እነግረዋለሁ። ያ ጊዜ ደህና ነበር። በርቀትም ቢሆን በሽተኞቹን አውቃቸው ነበር፤ የትኛው ተሻለው፣ የትኛዋ ወጣች እያልኩ እጠይቅ ነበር። ከዚያ ስልኩ እየሳሳ መጣ። «ድካም ነው» ይለኛል። ድካሙን አውቀዋለሁ፤ ስለ ድካሙ አልነበረም። የሚጠይቀኝ ነገር አለቀበት።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ገጹ ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ። ሬዚደንሲውን በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት እንዳገኘ ለፈላጊዎች የሚመክር ነው። ገጾችን ተከተሉ፣ ስብሰባ አያምልጣችሁ፣ ስማችሁን ይልመዱት ይላል። መጨረሻው ላይ «ለይምሰል አትጠይቁ። እኔ የጠየቅኩት ከልቤ ነበር» ይላል። ከሥሩ ምስጋናው ጎርፏል። መስኮቱ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ፊት ለፊቴ ሰው ማዘዣውን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ጣቴ ለምዶበት የልብ ምልክቱን ነካሁለት። ተናደድኩና አነሳሁት። ያነሳሁትን እንዳያይ ብዬ መልሼ ነካሁት። እንዲህ ያለ ሞኝ ነበርኩ።

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ደወልኩለት።

«ጽሑፍህን አየሁት።»

«እንዴት ነው? ብዙ ሰው ወዶታል።»

«ከልቤ ነው የጠየቅኩት ብለሃል።»

«ድምፁ የእኔ አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቢያላግጥብኝም ይሻለኝ ነበር። ግን ለስለስ ብሎ ነው ያለው፣ አምኖበት። ጥያቄዎቹ ከእሱ የመጡ መስለውታል። ካርቶኑም፣ ማርከሩም፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠችውም ሴት ከሐሳቡ ወጥተዋል። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው ያልፋል እኔ አለቅሳለሁ። ከዚያ በኋላ መደወል ሁለታችንም ተውን። አበቃ ያለ የለም።

ሬዚደንሲውን ግን አልተውኩትም። እሱ ሄደ ብዬ ሕልሜን ጨምሬ ልስጠው እንዴ? ሌሎቹ ፕሮግራሞች ያን ዓመት ሰው አንቀበልም ብለው ነበር፤ የቀረኝ ያው የእሱ ነው። የትውውቅ ስብሰባቸውን ማስታወቂያ ሳይ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ስም ተመዘገብኩ። የተሰነጠቀውን ካሜራ አሠራሁት። ጥያቄዬን አዘጋጀሁ። ድምፄ ክስ እንዳይመስል እማዬ ፊት ደጋግሜ ተለማመድኩት። እማዬ ክር በአፏ ይዛ «ቀስ በይ፣ አታፋጥጫቸው» ትለኛለች። «አሁን ጥሩ ነው። አሁን ሰው ይመስላል።»

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እማዬ ሳልነግራት መኪናዋን አቁማ ከጎኔ፣ ካሜራው የማያያት ቦታ ተቀመጠች። ስክሪኑ ተከፈተ። አስተባባሪዋ አሉ። ከሬዚደንቶቹ መካከል ሰከን አለ። ትንሽ ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል፤ አምሮበታል።

«ይህን ልጅ ያገኘነው እዚሁ ስብሰባ ላይ ነው» አሉ አስተባባሪዋ በኩራት። «አንድ ጥያቄ ጠየቀን፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራማችንን ቀየርን። አሁን አዲስ ሬዚደንት ዋርድ ሲገባ አጠገቡ የሚቆም ሰው መድበናል። የእሱ ሐሳብ ነው።»

ሰከን አንገቱን ደፋ። ትሕትና ይመስላል።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በእውነት። የማላውቀው ሰው አንድ ሩቅ ቦታ አልጋ አጠገብ ብቻውን አይቆምም ማለት ነው። ከዚያ ነው የከፋኝ። የጥያቄ ሰዓት ሲሆን እጄን አነሳሁ። ስሜ ወደ ላይ ወጣ። ሰከን ስክሪኑን ቀና ብሎ ሲያይ አየሁት፤ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ወዲያው ለእኔ ብቻ የተላከ መልእክት ብቅ አለ፦

«እንዴት ነሽ? እባክሽ ዛሬ አትጠይቂ። አጠያየቅሽ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የቀዳሽኝ ይመስላቸዋል። ላንቺው ብዬ ነው።»

ደግሜ አነበብኩት። እማዬም ትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችው።

«እጅዎን አንስተዋል፤ ይቀጥሉ» አሉኝ አስተባባሪዋ። ስሜን ሲጠሩ ተደናቀፉ፤ አያውቁትም።

ማይኩን ከፈትኩ። ሁሉም ፊቶች ይጠብቁኛል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው እችል ነበር። ያ ጥያቄ የእኔ ነው፣ ሴትዮዋም የእኔ ናት ማለት ብቻ ነው። ሰከን ካሜራውን አያይም ነበር። እጆቹን አጣምሮ ቁልቁል ያያል፤ ድሮ ስሌቱን ስመረምርለት ተሳስቼ ይሆን ብሎ ሲፈራ እንደዚያ ነበር የሚሆነው። አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ አድርጎኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ አንጀቴን በላው።

«ይቅርታ» አልኩ። «እጄ የተነሳው በስህተት ነው። ጥያቄ የለኝም።»

«ችግር የለም» አሉ አስተባባሪዋ በፈገግታ። ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ሰከን ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁ። ተንፍሶ ነው። ቀና ብሎ ውሃ ጠጣ፣ ከጎኑ ያለችው ሬዚደንት የሆነ ነገር አለችው፣ ሳቀ።

ስብሰባውን ትቼ ወጣሁ። ስዘጋው መጨረሻ ያየሁት የራሴን ፊት ነው፤ በተሠራው ካሜራ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

«ለምን?» አለችኝ እማዬ። «ስትለማመጂ የከረምሽው ለዚህ ነው? ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«አንቺስ?» አለችኝ።

እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና እስካለቅስ ድረስ ጠበቀችኝ።